ልጃችሁ ጨረር ሲታዘዝለት ስህተት እንዳይፈጠር፦ ከጎጃም እስከ ማሽኑ ክፍል ደረጃ በደረጃ

እንዴት ሰነበታችሁ። እኔ የደንበጫ ልጅ ነኝ፣ ስራዬ የካንሰር ጨረር ህክምና ክፍል ውስጥ ነው፣ ታካሚውን አልጋው ላይ አስተካክሎ የሚያስተኛውና ማሽኑን የሚያስነሳው ሰው ማለት ነው። ከአገር ቤት በየጊዜው ይደወልልኛል፣ "የእንትና ልጅ ጨረር ታዞለት አዲስ አበባ ሊመጣ ነው፣ ምን እናድርግ" ይሉኛል፣ እኔም ያንኑ ነገር ስደጋግም ስለምውል ሁሉንም በአንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ርዝመቱን ቻሉት።

ብዙ ሰው ስህተት ሲባል ማሽኑ ፈንድቶ ልጁን አቃጠለው የሚል ነገር ነው የሚመጣበት። እኔ ስራ ላይ ያየኋቸው፣ ሊሆኑ ሲሉ የተያዙት ስህተቶች ግን አብዛኞቹ ተራ ነገሮች ናቸው፣ ስም፣ ግራና ቀኝ፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ ያልመጣ ወረቀት። ማስክ (ጭንቅላቱን የሚይዘውን ፕላስቲክ) የሰራው ሌላ፣ ፕላን (የጨረሩን ስሌት) ያወጣው ሌላ፣ ማሽን ላይ ያለው ሌላ፣ ተረኛውም በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ልጁ አጠገብ ያለው ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ። ስለዚህ "ሐኪም አይጠየቅም" የሚለውን ነገር አባይን ሳትሻገሩ እዛው ደጀን ላይ ጥላችሁት ኑ።

ልጅ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበረታል። ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር መዛነፍ ኩላሊት ወይ አይን ሊነካ ይችላል፣ አጥንቱም ጭንቅላቱም ገና እያደገ ነው፣ ደግሞ "ኧረ ዛሬ የተሳሳተ ቦታ ነው ያስተኛችሁኝ" ብሎ አይናገርም።

1. ከቤት ሳትወጡ፦ ስምና ወረቀት

ሪፈር የሚጻፍላችሁ ከደብረ ማርቆስም ይሁን ባህር ዳር ከፈለገ ሕይወት ወይ ከጥበበ ግዮን፣ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ኪስ ከመክተታችሁ በፊት እዛው ቆማችሁ አስነብቡት። የልጁ ስም ከልደት ካርዱ ጋር አንድ ነው? የአባት ስም፣ የአያት ስም አለ? እኛ አገር አንድ ልጅ ሶስት ስም ይኖረዋል፣ አባቱ ያወጣለት፣ አያቱ የምትጠራው፣ የክርስትና ስሙ። ቤት ውስጥ ማሙሽ እየተባለ ያደገ ልጅ ካርዱ ላይ ይበልጣል፣ የራጁ ወረቀት ላይ ኃይለ ማርያም ሆኖ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ ሶስት ልጅ ነው ብለን እናስባለን ወይም የባሰው የሌላ ልጅ ወረቀት ከእሱ ጋር ይደባለቃል። አንድ ስም ምረጡ፣ ልደት ካርዱ ላይ ያለውን፣ እስከ መጨረሻው እሱን ብቻ ተናገሩ።

ሌላው የትውልድ ዘመን። 2009 የተወለደ ልጅ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ የፈረንጅ ነው፣ ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ጸሐፊው ሳይቀይር 2009 ብሎ ካስገባው ልጁ በአንድ ጊዜ ጎረምሳ ሆነ ማለት ነው። "በኢትዮጵያ ነው" በሉ፣ እድሜውንም በዓመት ተናገሩ።

የምትይዙት፦ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከሆነ የቀዶ ጥገናው ማስታወሻ፣ የናሙናው የፓቶሎጂ ውጤት፣ የሲቲና የኤምአርአይ ሲዲዎች ራሳቸው (ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ ምስሉን ራሱን ስለምንፈልገው)፣ ኬሞ ከወሰደ የመድኃኒቱ ስምና ቀኑ። ሲዲውን ከእንጀራው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፣ በወጥ የራሰ ሲዲ በእጄ ይዣለሁ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱና ለሌላ ዘመድ በቴሌግራም ላኩ፣ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ እንዲተርፍ።

2. አንድ ደብተር ግዙ

እዩት ቀልድ አይደለም፣ ከዚህ ሁሉ ነገር አንዱን ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይሄን አድርጉ። ባለ 50 ሉክ ደብተር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሙሉ ስም፣ የእናት ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ክብደት፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለ፣ የታመመው ጎን ግራ ይሁን ቀኝ። ከዛ በየቀኑ የተባላችሁትን። እናት ማንበብ የማትችል ከሆነ ከዘመድ አንድ ተማሪ ልጅ ይመደብ፣ ስድስተኛ ክፍልም ቢሆን ይበቃል።

ለምን መሰላችሁ፣ አስታማሚ ይቀየራል። አባት ሁለት ሳምንት ይቆይና አጨዳ ደረሰ ብሎ ይመለሳል፣ አጎት ይመጣል፣ አጎት ደግሞ ልጁ ከዚህ በፊት ምን እንደተደረገለት አያውቅም፣ ሲጠየቅ "አዎ" ይላል። ያ "አዎ" ነው የሚያስፈራኝ። ደብተሩ ከልጁ ጋር ይቀራል፣ ሰው ይቀያየራል።

3. የመጀመሪያው ቀጠሮ

ለረጅም ጊዜ በአገራችን ጨረር ህክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ሰልፉን ታውቁታላችሁ፣ ሐኪሙ ፊት የምትቀመጡበት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ግቡ። እኔ ብሆን እነዚህን እጠይቃለሁ፦ በሽታው በስሙ ምንድነው፣ ጨረሩ ለማዳን ነው ወይስ ህመም ለማስታገስ፣ የትኛው ቦታ ላይ ነው (በቃል ሳይሆን ልጁ ገላ ላይ በጣት ያሳዩአችሁ)፣ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት፣ ድምሩ ስንት።

የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ ልቆይ። ጨረር የሚለካው በግሬይ ነው። ለምሳሌ ዊልምስ የሚባለው የልጆች የኩላሊት ካንሰር ከቀዶ ጥገና በኋላ ሆድ ጎን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 10.8 ግሬይ ነው፣ በቀን 1.8 ሆኖ ለ6 ቀን። ሜዱሎብላስቶማ የሚባለው የኋላ አንጎል ዕጢ ደግሞ መላ ጭንቅላትና አከርካሪ ላይ 23.4 ወይ 36 ግሬይ እንደ በሽታው ክብደት፣ ከዛ ዕጢው የነበረበት ላይ ተጨምሮ ብዙውን ጊዜ 54 ይደርሳል። እዩት፣ 1.8 በ6 ሲባዛ 10.8፣ 1.8 በ30 ሲባዛ 54። ይሄን ማንኛውም ተማሪ ያሰላዋል። የእናንተ ልጅ ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል፣ እድሜና በሽታ ይወስነዋል፣ ግን የቀኑን በቀናቱ ብዛት ስታባዙ ድምሩ ካልመጣ "ይቅርታ ዶክተር ይሄ አልገባኝም" ማለት መብታችሁ ነው። 180 የሚል ቁጥር ካያችሁ አትደንግጡ፣ በሳንቲ ግሬይ ተጽፎ ነው፣ 180 ሳንቲ ግሬይ ማለት 1.8 ግሬይ ነው።

ሳትጠየቁም የምትናገሩት ነገር አለ። ልጁ ከዚህ በፊት ጨረር ወስዶ ያውቃል? ራጅ መነሳት አይደለም የምላችሁ፣ ህክምናውን ነው። አንዴ የተነካ ቦታ ሁለተኛ ሲነካ ሒሳቡ ሌላ ነው። ኬሞ ላይ ካለም ቀጣዩ ኬሞ መቼ እንደሆነ ለጨረሩ ክፍል፣ ጨረሩ መቼ እንደሆነ ለኬሞው ክፍል እናንተ ንገሩ፣ አክቲኖማይሲንና ዶክሶሩቢሲን የሚባሉት ለምሳሌ ከጨረር ጋር ሲደራረቡ ቆዳውንም ውስጡንም ያባብሱታል፣ ሁለቱ ክፍሎች ሁሌ ይነጋገራሉ ብላችሁ አትተማመኑ። የወር አበባ ያየች ልጅ ከሆነች ደግሞ የእርግዝና ምርመራ ይጠየቃል፣ አትቆጡ፣ ለሁሉም የሚደረግ ነው፣ ልጅቷን ብቻዋን ሊያናግሯት ቢፈልጉም ፍቀዱ።

4. ማስክና ምልክት የሚሰራበት ቀን

ይሄ ቀን ትልቁ ቀን ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ቀን ልክ ስለሚቆረጥ። ልጁን ሲቲ ላይ ያስተኙታል፣ ጭንቅላት ከሆነ ደግሞ የሚለሰልስ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ፊቱ ላይ ይዘረጉታል፣ ሲበርድ ይደርቅና የፊቱን ቅርጽ ይይዛል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ይተነፍሳል። ያ ማስክ ነው በየቀኑ ልጁን እዛው ቦታ የሚያስቀምጠው።

እዚህ ጋ ነው ከአገር ቤት የምንመጣ ሰዎች የምንሳሳተው። ልጅቷ ሹሩባ ተሰርታ ትመጣለች፣ ማስኩ በሹሩባው ላይ ይሰራል፣ ሳምንት ሳይሞላ ሹሩባው ይፈታል ወይ በኋላ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ማስኩ ይላላል፣ ጭንቅላቷ ውስጡ ይዞራል። ቁንጮ ያለው ልጅም እንደዛው። ስለዚህ ከማስኩ ቀን በፊት ጠይቁ፣ ከሆነ ፀጉሩ አስቀድሞ ይላጭ ወይ ይጠር። ማተብ፣ ክሩ ራሱ ብዙ ችግር የለውም፣ ብረት መስቀል ወይ ወፍራም ክታብ ካለበት ግን ሲቲው ላይ ምስል ያበላሻል፣ አንገት ላይ ከሆነም ማስኩ ስር ይገባል። እኛም መቀስ ይዘን አንመጣባችሁም፣ እጁ ላይ ታስሮለት የሚያልፍበት መንገድ አለ፣ ብቻ በማስኩ ቀን እንደነበረው በየቀኑ እንደዛው ይሁን።

ልጁን ቤት አለማምዱት። ወንፊት ፊቱ ላይ አድርጋችሁ "እስቲ ሳትንቀሳቀስ እስከ ሃምሳ" እያላችሁ አጫውቱት፣ መጀመሪያ የእናቱ ፊት ላይ፣ ከዛ የእሱ። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በወንፊት ተለማምዶ መጥቶ ያለ ሰመመን ስድስት ሳምንት ጨረሰልን፣ እናቱ ውጪ ሆና በማይክሮፎኑ "ተረት ተረት" ስትል እሱ ከውስጥ "የመሠረት" እያለ፣ አፉን እንዳያንቀሳቅስ ብለን በኋላ እንኳ ከለከልነው። ሰመመን ቀረ ማለት አንድ ትልቅ አደጋ ቀረ ማለት ነው።

ምልክቱ። ቆዳ ላይ በቀለም መስመር ይሰመራል፣ ወይም የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ይነቀሳል። መስመር ከሆነ ይደበዝዛል፣ በላብም በመታጠብም። ሲደበዝዝ ራሳችሁ እንዳታደምቁት! አንዲት አያት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ቅን ሴት ነበሩ፣ መስመሩ ሊጠፋ ነው ብለው የአይን ኩል አምጥተው በደንብ አድርገው አሰመሩበት፣ ደግሞ ቀጥ አላለም ብለው አቃኑት። ጠዋት ልጁን አስተኛሁት፣ የማሽኑ መብራት መስመሩ ላይ ልክ አረፈ፣ ግን ከጎኑ ካለችው ጠባሳ ጋር ሳየው አንድ ጣት ያህል ሸሽቷል። ያቺን ጠባሳ ቻርቱ ላይ ስለን ስለነበር ነው የያዝነው። ጸበል የምታስጠምቁትም ከሆነ አትደብቁን፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ንገሩን፣ መስመሩን ቀድመን በፎቶ እንይዘዋለን ወይም በነጥብ እንቀይረዋለን።

5. ፕላኑ የሚወጣበት ጊዜ

እዚህ እናንተ የላችሁበትም፣ ትጠብቃላችሁ። ሐኪሙ ምስሉ ላይ ዕጢውንና ከጨረሩ መትረፍ ያለባቸውን ጤነኛ አካላት ይስላል፣ ፊዚሲስቱ ያሰላል፣ ሌላ ሰው ያረጋግጣል። "ምነው ይሄን ያህል ቀን" ብላችሁ አታስቸኩሉ፣ ግን የጊዜ ገደብ ያለው በሽታ እንዳለም እወቁ። ዊልምስ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚፈለገው፣ ስለዚህ ገና ቀዶ ጥገናው ሳይሰራ ነው የጨረር ቀጠሮ መጠየቅ ያለበት።

ቁጥር ምን ያህል ተንኮለኛ እንደሆነ በሁለት ታሪክ ላሳያችሁ። በ1996 (ይሄ በፈረንጅ ነው) ኮስታ ሪካ፣ ሳን ሆሴ ከተማ፣ የኮባልት ማሽን (ጨረሩ ኮባልት ከሚባል ራዲዮአክቲቭ ብረት የሚወጣበት) አዲስ የጨረር ምንጭ ተቀየረለት፣ ጉልበቱ ሲለካ 0.3 ደቂቃ የሚለው እንደ 30 ሴኮንድ ተቆጠረ። 0.3 ደቂቃ 18 ሴኮንድ ነው። ስለዚህ ምንጩ ከእውነቱ ደካማ መሰላቸውና የታካሚዎቹን ሰዓት አስረዘሙት። በቃ ይቺ ናት። 115 ታካሚዎች ከሚገባው በላይ ወሰዱ፣ ከእነሱ ውስጥ ህጻናት ነበሩበት፣ መናገርና መራመድ ያቃተው ልጅ ነበረ። ሁለተኛው በ2006 (ይሄም በፈረንጅ) ግላስጎው፣ ስኮትላንድ፣ የ15 ዓመት ልጅ የአንጎል ዕጢ ታማ ጭንቅላትና አከርካሪዋ ላይ 35 ግሬይ ታዘዘላት፣ ሶፍትዌሩ ተሻሽሎ ነበር፣ ፕላን ያወጣው ባለሙያ ግን ቁጥሩን በድሮው ልማድ ሞላው፣ አረጋጋጮቹም አለፉት፣ ከታዘዘው 58 በመቶ በላይ ወሰደች። የተያዘው ያው ባለሙያ ያንኑ ስህተት ሌላ ታካሚ ላይ ሲደግመው አንድ ባልደረባ አይቶ ነው። ያ አገር ሀብታም ነው፣ ማሽኑም ዘመናዊ ነበር።

ከዚህ የምትይዙት፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ከተጠገነ፣ ወይም ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ከተዛወራችሁ፣ ወይም "ሲስተም ተቀይሯል" ከተባለ ያኔ ጠይቁ፣ "የልጄ ስሌት ለአዲሱ ተሰርቷል? ሁለተኛ ሰው አይቶታል?" በሉ። ኮባልት ደግሞ በራሱ ጊዜ ይደክማል፣ በየ5.27 ዓመቱ ግማሽ ይሆናል፣ በወር 1 በመቶ ገደማ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሰዓቱ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይረዝማል። ልጃችሁ ከማሽኑ ስር የቆየበት ጊዜ በዚህ ወር በጥቂት ሴኮንድ ቢጨምር ስህተት አይደለም፣ በእጥፍ ቢጨምር ግን ጠይቁ።

6. ሰመመን የሚሰጠው ልጅ

ትንንሾቹ በየቀኑ ሰመመን ይሰጣቸዋል፣ ለዛ ሆዳቸው ባዶ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ትውከቱ ሳንባ ይገባል። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስታል። ነርሷ "ከ6 ሰዓት በፊት አይብላ" ትላለች፣ እሷ ለ6 ሰዓታት ያህል ማለቷ ነው፣ እናት ደግሞ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት አይብላ ነው ወይስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ አይብላ ነው እያለች ስትወዛወዝ ታድራለች፣ ወይም ሳትጠይቅ አንዱን ትመርጣለች። ሁሌም "በሰዓት ንገሩኝ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ" በሉ። ልጁ ጠዋት 3 ሰዓት የሚገባ ከሆነ በተለመደው ደንብ ምግብና የላም ወተት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ የለም፣ የእናት ጡት ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ፣ ንጹህ ውሃ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የለም። የእናንተ ሰመመን ሰጪ የተለየ ካለ የእሱ ይበልጣል።

ጸበል ጾም አይፈታም ብላችሁ ጠዋት እንዳታጠጡት፣ ለቤተክርስቲያን ላይፈታ ይችላል፣ ለሰመመን ውሃ ውሃ ነው። አያትም "ሆዱ ባዶ ነው፣ ሆድ ይባሳል" ብላ አንዲት ጭብጥ ቆሎ ኪሱ ታደርጋለች፣ ኪሱን ፈትሹ። በልቶ ከሆነም በልቷል በሉ፣ ማንም አይቆጣችሁም፣ ሰዓቱ ይገፋል እንጂ። በተቃራኒው ደግሞ የጎጃም ሰው ጾም ላይ ጎበዝ ስለሆነ ልጁን ከማታው 12 ሰዓት ጀምረው ውሃ እንኳ የሚከለክሉ አሉ፣ ይሄም ልጁን ይጎዳዋል፣ በየቀኑ ለሳምንታት የሚደረግ ነገር ነው። ሳል ወይ ትኩሳት ካለው መርፌው ሳይወጋ ተናገሩ።

7. በየቀኑ ክፍሉ በር ላይ

ከሰኞ እስከ አርብ ነው፣ ህመም የለውም፣ ጨረሩ ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው። እናንተ ውጪ ትሆናላችሁ፣ እኛም ውጪ ነን፣ በካሜራ እናየዋለን፣ ከተንቀሳቀሰ እናቆማለን። ልጁ ከወጣ በኋላ ጨረር ይዞ አይወጣም፣ እቀፉት፣ ከታናሽ እህቱ ጋር ይተኛ።

ስም ሲጠራ "አቤት" ብላችሁ አትነሱ። የሰራሁበት አንድ ቦታ፣ ሁለት ልጆች ነበሩ፣ ሁለቱም ይበልጣል እንበላቸው (ስሙን ቀይሬዋለሁ)፣ አንዱ ከሞጣ አንዱ ከቡሬ በኩል፣ አምስትና ስድስት ዓመት። ኮሪደሩ ጫጫታ ነው፣ ባልደረባዬ "ይበልጣል!" አለ፣ የአባቱን ስም ማን ይሰማዋል፣ የቡሬው አያት ተነሱ። ልጁ ገባ፣ ተኛ፣ "ይበልጣል ነህ አይደል" ሲባል "አዎ"፣ ልክ ነው ይበልጣል ነው። ማስኩን ሳወርደው አፍንጫው ጋ ደርሶ እምቢ አለ። ገፋ ላደርገው ነበር እኮ፣ ፊቱ በመድኃኒት አብጦ ነው ብዬ። ከዛ ማስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት፣ የሞጣው ነው። ሆድ ላይ የሚታከም ልጅ ቢሆን ኖሮ ማስክም ስለሌለው ምን እንደሚይዘን እንጃ።

ከዛ ወዲህ "ይበልጣል ነህ?" ብዬ አልጠይቅም፣ "ስምህ ማነው፣ የአባትህስ፣ የእናትህስ" ነው የምለው፣ ፎቶውንም ቻርቱ ላይ አያለሁ። እናንተም ማንም ሰው ስሙን እየነገረ "ነው አይደል" ቢላችሁ ዝም ብላችሁ አዎ አትበሉ፣ ሙሉውን እስከ አያት ራሳችሁ ተናገሩት፣ ቀጥሎ "የቀኝ ሆዱ ላይ ነው፣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው" በሉ። ግራና ቀኝ ሲባል የልጁ ግራና ቀኝ ነው፣ ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው ይገለበጣል፣ በሆዱ የሚተኛ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይዞራል፣ ስለዚህ በጣት ንኩና አሳዩ።

ደብተሩ ላይ በየቀኑ አንድ ጭረት። በሳምንቱ መጨረሻ ከእኛ ቁጥር ጋር አስተያዩት። በተለይ ምዕራፍ የሚቀየርበት ቀን፣ መላ ጭንቅላቱና አከርካሪው አልቆ ወደ ትንሹ ቦታ የሚገባበት ቀን ማለቴ ነው፣ ያ ቀን መቼ እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁና ጠዋት "ዛሬ ይቀየራል አይደል" በሉ። ሁለት ፕላን ባለበት አሮጌው የሚቀጥልበት አጋጣሚ አለ።

8. ልጁ ሲለወጥ

ክብደት በየሳምንቱ። ከከሳ ማስኩ ይላላል፣ የዕጢ እብጠት የሚቀንሰውን ዴክሳሜታዞን ከወሰደ ደግሞ ፊቱ ሞልቶ ማስኩ ይጠብቃል። "ትናንት ላይ ላላ አለ" ማለት ለእኛ ትልቅ መረጃ ነው። ቆዳው ላይ ጨረር ከመግባቱ በፊት ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ፌጦ ምናምን አትቀቡ፣ የምትቀቡትን ሐኪሙ ይንገራችሁ። የሚታከመው ቦታ መቅላቱ የሚጠበቅ ነው፣ ጨረሩ በሚወጣበት በተቃራኒው በኩልም ሊታይ ይችላል፣ ግን ማንም ያልነገራችሁ ቦታ ላይ ከቀላ ወይም ፀጉር ከረገፈ በዛው ቀን አሳዩ። ትኩሳት 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል።

9. መቅረት

ጥምቀትን አገር ቤት ልዋል ብሎ ሳይናገሩ ፍኖተ ሰላም መሄድ አለ። አትሂዱ። በመሃል ቀን ሲዘለል ዕጢው ያገግማል፣ የቀረውን ደግሞ "ነገ ሁለት ጊዜ ስጡት" ማለት አይቻልም፣ እንዴት እንደሚካካስ ሐኪሙና ፊዚሲስቱ ናቸው የሚያሰሉት። ማሽን ሲበላሽም ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፣ የስንት ቀን እንደቀረና ምን እንደታሰበ ጠይቁ። ማረፊያ ካጣችሁ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ እና የወላጆቹ ማህበር ተስፋ አዲስ አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ አላቸው፣ ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

10. አንድ ነገር ልክ አልመስል ሲላችሁ

"ቆይ" በሉ። ማሽኑ ሳይነሳ ነው ጥቅሙ፣ የገባ ጨረር አይወጣም። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት ከበሩ ላይ "ልጄ ሁልጊዜ ይቺ ትራስ ነበረች እንዴ" አለችኝ። ትራሷ ቁጥሯ ሌላ ነበር። ደቂቃ አልፈጀም መቀየሩ።

ስህተት ተፈጥሮ ከሆነም ህክምናውን ጥላችሁ አትጥፉ፣ ይሄ ነው ብዙ ጊዜ የሚሆነው። ቀኑንና ያያችሁትን ጻፉ፣ መጀመሪያ ለባለሙያው፣ ከዛ ለሐኪሙ፣ ከዛ ለሆስፒታሉ የጥራት ክፍል ተናገሩ፣ "ምን ያህል ወሰደ፣ የቀረውስ ተስተካክሏል ወይ" ብላችሁ ጠይቁ።

ይሄን የምታነቡ አዲስ ባልደረቦቼ ካላችሁ ለእናንተም አንድ ሁለት ቃል። ብቻችሁን ማሽን አታስነሱ፣ ሁለት ሰው ይኑር፣ ስልክ ውጪ ይቅር። የመጀመሪያው ቀን ከማስነሳታችሁ በፊት ቁማችሁ ስም፣ ቦታ፣ ጎን፣ መጠን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሊሆን ሲል የተያዘውንም መዝግቡት፣ እኔ የማስኩን ነገር ሳልጽፍ ሳምንት አፍሬ ቆይቼ ነበር፣ ስጽፈው ነው ፎቶ ቻርት ላይ መለጠፍ የተጀመረው። ሳፍሮን የሚባል የአለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የስህተት መዝገብም አለ፣ ሌላ አገር የሆነውን ማንበብ ይቻላል።

11. ሲያልቅ

ጠቅላላ ማጠቃለያ ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። የትኛው ቦታ፣ ስንት ግሬይ፣ በስንት ቀን፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ጭንቅላቱ ላይ የወሰደ ልጅ ካለቀ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊለው ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ግን ደውላችሁ ንገሩ። ከዓመታት በኋላም ቁመቱ፣ አንገት ላይ እንቅርት የሚወጣበት እጢ (ታይሮይድ የሚባለው)፣ ኩላሊቱ፣ ትምህርት አቀባበሉ ይታያል፣ ያኔ የሚያየው ሐኪም ያቺን ወረቀት ነው የሚጠይቀው። ሁለት ኮፒ አድርጉ፣ አንዱን ደብረ ማርቆስ ወይ ባህር ዳር ለሚከታተለው ሐኪም፣ ዋናውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከልደት ካርዱ ጋር አስቀምጡት፣ ደብተሩንም አትጣሉት።